በነዳጅ ፍለጋና በኦይል ሼል ግምት ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ነዳጅ በሌላቸው ታዳጊ አገሮች የፍለጋ ዜና በተሰማ ቁጥር ከሚደጋገሙት ስህተቶች ዋነኛው ኦይል ሼልን ከሼል ኦይል ጋር ማምታታት ነው። ሼል ኦይል በደቃቅ ድንጋይ ውስጥ የታሰረ ቢሆንም አስቀድሞ ነዳጅ የሆነ ፈሳሽ ነው፤ ጉድጓዱ አግድም ተቆፍሮ ድንጋዩ በከፍተኛ የውሃ ግፊት ሲሰነጠቅ ይወጣል። ኦይል ሼል ግን ኬሮጅን የሚባል ጠጣር ቅሪት የያዘ፣ ወደ ነዳጅ ለመለወጥ የሚበቃ የከርሰ ምድር ሙቀት ያላገኘ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ሙቀት ፋብሪካው መስጠት ይኖርበታል፤ ድንጋዩ ተቆፍሮና ተፈጭቶ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ሼል ኦይል የሚመረትባትን ቴክሳስን በመጥቀስ ስለ ኦይል ሼል ተስፋ የሚሰጥ ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ ማዕድን ነው።

ሁለተኛው ስህተት መሬት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊወጣ እንደሚችል መቁጠር ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በኮሎራዶ፣ በዩታና በዋዮሚንግ በተዘረጋው የግሪን ሪቨር ድንጋይ ውስጥ ከ4 ትሪሊዮን በርሜል በላይ እንዳለ ገምቷል፤ ከዚህ ምን ያህሉ ሊወጣ እንደሚችል ግን አልገመተም። በዚያው በኮሎራዶ የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ኮሎኒ የተባለውን የኦይል ሼል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1982 ድንገት ዘግቶ ወጥቷል። አንድ ቶን ድንጋይ ስንት ሊትር ይሰጣል፣ ንብርብሩስ ምን ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚነገር የበርሜል ቁጥር ብዙም አይጠቅምም።

ግኝትን ከገቢ ጋር ማመሳሰልም የተለመደ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2007 ባሕር ላይ ያገኘችውን የጁቢሊ መስክ በ2010 ማምረት ጀምራለች፤ በ2006 ያገኘችው ኡጋንዳ ግን የመጨረሻውን የኢንቨስትመንት ውሳኔ፣ ማለትም ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን ለማፍሰስ የሚቆርጡበትን፣ ያየችው በ2022 ነው። የኡጋንዳ ነዳጅ ሰም የበዛበት በመሆኑ ካልሞቀ አይፈስም፤ እስከ ታንዛኒያው ታንጋ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውም እየሞቀ በሚያስተላልፍ ቧንቧ ነው። ባሕር በር የሌለው አገር ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራ ይበጀዋል።

ደረቅ ጉድጓድን፣ ማለትም ተቆፍሮ ነዳጅ ያልተገኘበትን፣ እንደ ብክነት ማየት ደግሞ ለቀጣዩ ቁፋሮ የሚጠቅም መረጃ መጣል ነው።

አመዱንና ውሉን መርሳት ግን ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ኢስቶኒያ ኦይል ሼልን ለረጅም ዘመን ስታቃጥል የኖረች አገር ስትሆን፣ ከሚቃጠለው ድንጋይ ግማሽ የሚጠጋው አመድ ሆኖ ስለሚቀር የአመድ ኮረብታዎች ተከምረውባታል። ዮርዳኖስም በአታራት በኦይል ሼል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ብታስገነባም፣ የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤሌክትሪኩን ለመግዛት በተስማማበት ዋጋ ምክንያት ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ወስዷል።