ሐሙስ ሳይደርስ የሚሞላው የሳይት መጸዳጃ

60 ሠራተኛ፣ 4 ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ማስመጠጥ። ሐሙስ ሳይደርስ ሁለቱ ይሞላሉ፤ ሽታው አይጣል ነው።

አንደኛው ጥፋት ቦታው ነበር። ሁለቱ ከፌሮው ክምር ጀርባ ስለቆሙ የመጣጩ መኪና ቱቦ አልደረሳቸውም፤ ሾፌሩ ሌሎቹን መጥጦ ይሄዳል። መኪናው 6 ሜትር ድረስ የሚጠጋበት ጠጠር ላይ ተዛወሩ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። የአሜሪካኖቹ ቀመር በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ 10 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ በሳምንት አንድ ምጠጣ ይላል። ቅዳሜ ሲጨመር 48 ሰዓት ነው፤ 60ው ሰው እንደ 72 ይቆጠራል። ኪራይ ከመጨመር ምጠጣውን ማክሰኞና ዓርብ ማድረግ አዋጣ፤ አራቱ ለ80 ሰው ይበቃሉ።

ከምጠጣ በኋላ 20 ሊትር ያህል ውሃ ሽታ ከሚቀንሰው ሰማያዊ ኬሚካል ጋር ይጨመር። የመጸዳጃው ታንከር ደረቅ ከተተወ ዓይነ ምድሩ መሐሉ ላይ ይቆለልና ግማሽ ሳይደርስ የሞላ ይመስላል።