ከቤት ሆነው የሚሠሩት ሥራ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«በቀን 2 ሰዓት ብቻ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ ልምድ አያስፈልግም።» ይህ መልእክት በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ሥራ ያጣ ተመራቂ፣ ሕፃን ይዛ ቤት የዋለች እናት፣ ደመወዙ ወር አላደርስ ያለው ሠራተኛ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ወጥመዱ የሚይዘው ሠርተው መብላት የሚፈልጉትን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ለመቀጠር ብር መክፈል

የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም የዋስትና ተብሎ ብር ከተጠየቁ እዚያው ላይ ያቁሙ። «500 ብር ምን አላት» አይበሉ። ከ1,000 ሰው ሲሰበሰብ ግማሽ ሚሊዮን ይሆናል።

መጀመሪያ ስለከፈሉኝ እውነት ነው ማለት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ቪዲዮ ላይክ ማድረግ ወይም ላላረፉበት ሆቴል ኮከብ መስጠት ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ብር እውነትም በቴሌብር ይገባል። ያቺ ብር ማጥመጃ ናት። ከዚያ «ደረጃዎን ያሳድጉ» ይባላል፤ ለማሳደግ ደግሞ የራስዎን ገንዘብ ማስገባት አለብዎት። አፑ ላይ ያለው ሒሳብ በየቀኑ ሲያድግ ይታያል። ቁጥሩን የሚጽፉት ግን እነሱ ናቸው፤ ከጀርባው ብር የለም። ላውጣ ሲሉ «መጀመሪያ ታክስ ይክፈሉ»፣ «አካውንትዎ ስለታገደ ማስከፈቻ ያስገቡ» ይመጣል። እውነተኛ ክፍያ ቢሆን ኖሮ ከዚያው ላይ ቀንሰው ቀሪውን ይሰጡ ነበር።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለዚህ ዓይነት ማጭበርበር ያመለከተ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ2024 የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ ግን 20,000 ያህል ሰዎች አመልክተዋል።

ስሌቱን አለመሥራት

«በቀን 3 በመቶ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። ባንክ ለቁጠባ በዓመት 7 በመቶ ቢከፍልዎት፣ እነዚህ ሰዎች በሦስት ቀን ከዚያ በላይ እንሰጣለን እያሉ ነው። ምን ሸጠው? ማን ገዝቷቸው? ይህን ጠይቀው አጥጋቢ መልስ ካላገኙ፣ የሚከፈለው ከኋላ ከገባው ሰው ኪስ ነው። አዲስ ገቢ ሲቆም ሁሉም ነገር ይቆማል።

«ያስገባኝ ዘመዴ ነው» ብሎ መዝናናት

በዕቁብና በማኅበር ተማምነን የምንኖር ሰዎች ነን። አጭበርባሪዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ያስገባዎት ዘመድ አልዋሸዎት ይሆናል፤ እሱ ራሱ ተከፍሎት አምኗል። አምስት ሰው ያምጡ፣ እነሱም አምስት አምስት ያምጡ ከተባለ ግን አስቡት፦ 12ኛው እርከን ላይ ብቻ 244 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሕዝብ ኢትዮጵያ የላትም። እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ይከለክለዋል።

ንግድ ፈቃድ አይቶ መርካት

ቢሮ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፈቃዱ ለምን ሥራ እንደተሰጠ ግን ያንብቡት። የአስመጪነት ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያበቃም። ተቀማጭ ለመቀበል ብሔራዊ ባንክ፣ ኢንቨስትመንት ለሕዝብ ለማቅረብ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መፍቀድ አለበት።

የባንክ አካውንት ማከራየት

«ገንዘብ ይገባልሃል፣ ኮሚሽንህን ቀንሰህ ላክልን» የሚል ሥራ ከቀረበልዎት ፈጽሞ አይንኩት። የሚገባው ብር ከሌላ ተበዳይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ሲፈልግ የሚያገኘው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው። የፋይዳ መታወቂያዎን ፎቶና ወደ ስልክዎ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይስጡ።

ተጭበርብሮ ዝም ማለት

ሰው ያፍራል። ለሚስቱም ለባሏም ሳይነግር ይቀራል። እባክዎ አይፈሩ፤ የሚያሳፍረው የእነሱ ሥራ ነው። ወዲያውኑ ገንዘቡን ለላኩበት ባንክ ወይም ቴሌብር ያሳውቁ፤ የቻቱንና የደረሰኙን ፎቶ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ቻቱን ከማጥፋታቸው በፊት አሁኑኑ ስክሪንሾት ያድርጉት። በዚህ መሐል «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የሥራ ማስኬጃ ብቻ ላክ» የሚል ሰው ከመጣ፣ አይላኩለት። የተጭበረበሩ ሰዎችን እየፈለጉ ሁለተኛ የሚዘርፉ አሉ።