ቆሞ የከረመ የዲሲ-3 ሞተር ከመነሳቱ በፊት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በመጀመሪያ በረራው በአስመራ አድርጎ ካይሮ የገባው በሲ-47፣ ማለትም በዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነበር። ይህን አውሮፕላን ዳግም ሲበር ለማየት የሚጓጓው ብዙ ነው፤ ሞተሩ ግን ገና ሳይነሳም ሊበላሽ ይችላል።

የዚህ አውሮፕላን ሞተር ትዊን ዋስፕ አር-1830፣ 14 ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ በክብ የተደረደሩበት ባለ 1,200 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ቆሞ ሲከርም ዘይቱ በፒስተን ፋሻው አልፎ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተለይ 7፣ 8 እና 9 ቁጥር። አየር ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም። ስለዚህ ፒስተኑ ዘይቱን ሲገጥመው ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ይጎብጣል። ክፋቱ፣ የጎበጠ ቢየላ ያኔውኑ ላይሰበር ይችላል፤ ከሰዓታት በረራ በኋላ አየር ላይ ይበጠሳል።

ጎማው ታኮ ይደረግለት፤ ማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጨው መሣሪያ) ይጥፋ፣ ነዳጅ ይዘጋ። የማግኔቶው ማጥፊያ ሽቦ ከተቆረጠ ግን ማብሪያው ጠፍቶም ሞተሩ ሊነሳ ስለሚችል ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ እንደሚነሳ ቆጥራችሁ ያዙት። ከሞተሩ ሥር ያለውን ዘይት አፍስሱና በእጅ፣ በዝግታ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ። ማርሹ 16 ለ9 ስለሆነ (ሞተሩ 16 ጊዜ ሲዞር ባለ ሦስት ክንፉ ፕሮፔለር 9 ጊዜ ይዞራል) የ14ቱም ሲሊንደሮች ተራ እስኪደርስ ከሦስት የፕሮፔለር ክንፍ ትንሽ በላይ ማለፍ አለበት። 4 ክንፍ ትንሹ ነው፤ 9 ብታሳልፉ ልባችሁ ያርፋል።

ድንገት ጥጥር ብሎ ከቆመ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት አለ ማለት ነውና አትግፉት። ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) መንካት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ወደ ኋላ ማዞርም ሞኝነት ነው፦ ዘይቱ በተከፈተው ቫልቭ ወደ አየር ማስገቢያ ቱቦው ይሸሻል፤ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ እዚያው ሲሊንደር ይገባል። የ7፣ 8 እና 9 ቁጥርን የታች ካንዴላ ፍቱ፣ ሥራቸው ሳህን አስቀምጡ። ዘይቱ መጀመሪያ ይንዠቀዠቃል፣ ኋላ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው ሲያበቃ ደግማችሁ አዙሩ። ሰው ቀድሞ ወደ ኋላ አዙሮት ከሆነ የእነዚህን ሲሊንደሮች ማስገቢያ ቱቦም አውርዳችሁ አፍስሱ። ካንዴላዎቹን ጠርጋችሁ በአዲስ የመዳብ ቀለበት መልሱ።

ሲነሳ ጭሱ ብዙ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። ዓይናችሁ የዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ይሁን፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ አጥፉት። ከተንቀሳቀሰም ዘይቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ጉልበት አትስጡት።