ጥንዱ ቁጥር መልስ ነው ወይስ አይደለም? ችግርና መፍትሄ

ሒሳብ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት የሚፈጠረው ቀላል በሚመስለው ቦታ ነው፦ የተሰጠውን ጥንድ ቁጥር ተክቶ ማረጋገጥ ላይ። ይህን ምሳሌ እንያዝ (ኤክስን ሀ፣ ዋይን ለ ብያለሁ)፦

2ሀ + ለ = 5
ሀ − 3ለ = 13

ችግር፦ (3፣ −1) መልስ ነው ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ስህተት ተባለ።

ምክንያቱ፣ የመጀመሪያውን እኩልታ ብቻ አይታችሁ ቆማችኋል። 2×3 − 1 በእርግጥ 5 ነው። ግን አንድ እኩልታ ብቻውን ማለቂያ የሌለው መልስ አለው፤ በግራፍ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ መስመሩ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ያሟላዋል። የሚፈለገው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ነው።

መፍትሄ፦ ሁለተኛውንም ሞክሩ። 3 + 3 = 6፤ 13 አልመጣም። አንዱ ላይ ከወደቀ መልስ አይደለም።

ችግር፦ ትክክለኛው መልስ (4፣ −3) ነው ተብሏል፤ እናንተ ስትሞክሩት ግን አልመጣም።

እዚህ ላይ ቶሎ አታጥፉት። ያገኛችሁት የተሳሳተ ቁጥር ራሱ የት እንደሳታችሁ ይናገራል። የመጀመሪያው እኩልታ −2 ከሰጣችሁ ቁጥሮቹን አገላብጣችኋል፤ ፊት ያለው ሁልጊዜ የሀ ነው። ሁለተኛው −5 ከሰጣችሁ ደግሞ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ መሆኑ ተዘንግቷል።

ሁለተኛው እኩልታ −2 ቢሰጣችሁስ? አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፦ 4 − 3 − 3። ማባዛቱን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ቅንፉን ስላልጻፈች ብቻ ብዜቱ መቀነስ ሆነባት። መፍትሄው፣ ከመተካታችሁ በፊት በለ ቦታ ባዶ ቅንፍ መጻፍ፦ 4 − 3( )። ከዚያ −3ን ከነምልክቱ አስገቡት፦ 4 − 3(−3) = 4 + 9 = 13።

ችግር፦ ለጥቂት ሳተ።

በሌላ እኩልታ፣ 3ሀ + 6ለ = 4 ላይ፣ (1/3፣ 1/2)ን ስትሞክሩ 3.99 ከመጣ፣ 1/3ን 0.33 አድርጋችሁታል። ክፍልፋዩን እንዳለ ተዉት፤ 1 + 3 = 4 ይመጣል።

ችግር፦ ስታረጋግጡ ልክ መጣ፣ መልሱ ግን ስህተት ነው።

ያረጋገጣችሁት ራሳችሁ ባዞራችሁት እኩልታ ነው። ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ፦ ሁለተኛው እኩልታ ሲዞር ሀ = 13 + 3ለ መሆን ሲገባው ሀ = 13 − 3ለ ብላችሁ ከሆነ፣ (0.4፣ 4.2) ሁለቱንም ያሟላ ይመስላል። ጥያቄው ላይ በተሰጠው በሀ − 3ለ ሞክሩት፤ −12.2 ይወጣል።