ለስብሰባ አዳራሽ የደንገል ግድግዳ እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ላይ አዳራሽ ሲሠራ ባለቤቱ ሁሌም «የአካባቢያችን ባህል ይታይበት» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የጢስ ዓባይን ፎቶ አስፍቶ መለጠፍ ነው። እኔ ታንኳ የሚሠራበትን የጣና ዳር ተክል፣ ደንገልን (ፓፒረስን) ራሱን ማስገባት እመርጣለሁ። ያምራል፤ ደግሞም ማስተጋባትን ይቀንሳል።

መጀመሪያ ባዶው አዳራሽ መሐል ቁሙና ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ ቶሎ ካልጠፋ የተናጋሪው ቃል ይደበላለቃል። ልስን፣ መስታወትና ሴራሚክ የበዛበት ቤት እንዲህ ነው። ከመድረኩ ትይዩ ካለው የኋላ ግድግዳ ጀምሩ።

ሥራውን ለሚያውቁት ስጡ። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ ሥራ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ልኩን ንገሯቸው፣ ተገቢውን ዋጋ ክፈሉ፣ አስተሳሰሩን ለእነሱ ተዉት። ደንገል መሳይ ፕላስቲክ አልመክርም፤ ድምፁን መልሶ ይተፋዋል።

አሁን ዋናው፦ ማድረቅ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ምረቃው ደርሶ ስለነበር ሰኔ ላይ በጥድፊያ አስገጠምኩ። ደንገሉ ላዩ ደርቋል። ልስኑ ላይ በቀጥታ በኮላ ለጠፍነው። ነሐሴ ላይ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። አንዱን ገንጥዬ ሳይ ጀርባው በሻጋታ ጠቁሯል። ሙሉውን ግድግዳ አወረድን። ለካ የደንገል ልብ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቆዳው ከደረቀ በኋላም ውኃ ይዞ ይቆያል። ልስኑም እርጥበት ነበረው፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ የለም።

ስለዚህ ደንገሉን በበጋ አሳጭዱ። ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ አድርቁ። መድረቁን በዓይን አትመኑ። አንድ እስር ለይታችሁ በየቀኑ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ደርቋል።

ቀጥሎ እሳት አለ። ደረቅ ደንገል ክብሪት ነው። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውኃ በጥብጣችሁ ንከሩት፣ እንደገና አድርቁት። ቁራጩን ደጅ አውጥታችሁ ለኩሱ። እሳቱን ስታርቁ ራሱ ካልጠፋ ድገሙት። የሚግል መብራት አታስጠጉበት፤ የአደጋ ጊዜ መውጫ ላይም አትጠቀሙበት።

ሲገጠም ግድግዳው ላይ ሞራሌ (ቀጭን የተሰነጠቀ እንጨት) ምቱና ደንገሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ይበል። ከላይና ከታች ክፍት ተዉት። ክፍተቱ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ወፈር ያለ ድምፅም ይይዛል። ይህንን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የሚያስቀር ኮንትራክተር አጋጥሞኛል። እሺ አትበሉት።

ስለ ሌላው ጌጥ አንድ ነገር ልበል። የመስቀል ጥለት ምንጣፍ ላይ አታስገቡ፤ ሰው ይረግጠዋል። ዘጌ ያለችውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ገልብጦ ሻይ መጠጫ ቦታ ላይ ማንጠልጠልም ልክ አይመስለኝም። እዚያ ያሉት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ከዘጌ ቤተ ክርስቲያኖች መውሰድ ከፈለጋችሁ አሠራሩን ውሰዱ፤ ክቡን ቤት ዙሪያውን የሚያቅፈውን ጥላማ መተላለፊያ። ለእረፍት ሰዓት መቆሚያ ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ለጥለት የአገልግልና የሞሰብ ስፌት አለላችሁ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት አለ።

ደንገሉን በኮላ ሳይሆን በብሎን እሰሩት። በየዓመቱ መስከረም ላይ አንዱን ፍቱና ጀርባውን እዩ።