«የመጀመሪያው» እና «ክብረ ወሰን የሰበረው»፦ የኦስካር ወሬ ከመለጠፉ በፊት እንዴት ይጣራል?

የኦስካር ሰሞን በደረሰ ቁጥር በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዘዋወረው ወሬ አብዛኛው የቆመው «የመጀመሪያው» እና «ክብረ ወሰን» በሚሉት ላይ ነው። በየትኛው ዘርፍ? ከማን ጋር ተወዳድሮ? በየትኛው ዘመን ደንብ? እነዚህ ካልተመለሱ ወሬው እውነትም ውሸትም ሊሆን ይችላል። ለገጽ አዘጋጅ፣ ለሬዲዮ ፕሮግራም፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሆን የማጣሪያ መንገድ እነሆ። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወሬውን ወረቀት ላይ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ሦስት ነገር ጠይቁት። የሚያወራው ስለ እጩነት ነው ወይስ ስለ አሸናፊነት? ክብሩ የፊልሙ ነው ወይስ የሰው? ሽልማቱ ተወዳድረው የሚያገኙት ነው ወይስ የክብር ሽልማት? ግማሹ ስህተት እዚሁ ላይ ይያዛል። ከዚያ ኦስካርን የሚሰጠውን የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የራሱን የሽልማት ዳታቤዝ ክፈቱ፤ ነጻ ነው፣ በፊልም ስም፣ በሰው ስም፣ በዘርፍና በዓመት ይፈልጋል። ሌሎች የፊልም ገጾች ላይ የሚታየው «ይህን ያህል ሽልማት» የሚለው ድምር የየአገሩን ፌስቲቫልና የሃያሲያን ማኅበራትን ሁሉ ስለሚደምር ለኦስካር ቆጠራ አይሆንም።

ትልቁን ክብረ ወሰን እንየው። ከሁሉም በላይ ኦስካር የወሰደው ፊልም የትኛው ነው ቢባል መልሱ ሦስት ፊልም ነው፤ «ቤን ሐር»፣ «ታይታኒክ» እና «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» እኩል 11 አላቸው። «ቤን ሐርና ታይታኒክ ብቻ ይዘውታል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከ2004 በፊት የተጻፈ ወይም ከዚያ የተገለበጠ ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ይለያያል። «ቤን ሐር» በ12 ዘርፍ ታጭቶ ያመለጠው የስክሪፕቱ ብቻ ነው፤ ከ11ዱ ሁለቱ የትወና ናቸው። «ታይታኒክ» በ14 ታጭቶ 11 ሲወስድ በትወና አንድም አላገኘም። «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» በትወና ጭራሽ አልታጨም፤ በታጨባቸው 11 ዘርፎች ግን ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደ። ስለዚህ «የታጨበትን ሁሉ በማሸነፍ» የሚለው ክብረ ወሰን የእሱ ብቻ ነው፤ ከእሱ በፊት «ጂጂ» እና «ዘ ላስት ኢምፐረር» ዘጠኝ ከዘጠኝ ይዘውት ነበር።

እዚህ ላይ የዘርፎቹን ታሪክ ሳያዩ ማወዳደር አደገኛ ነው። በ«ቤን ሐር» ጊዜ የካሜራ፣ የመድረክ ዲዛይንና የአልባሳት ሽልማቶች ለባለቀለምና ለጥቁርና ነጭ ፊልሞች ለየብቻ ይሰጡ ነበር፤ ፊልሙ በሦስቱም ያሸነፈው ከባለቀለሞቹ ጋር ብቻ ተወዳድሮ ነው። በሌላ በኩል የሜካፕ ዘርፍ በዚያን ጊዜ በመደበኛነት አልነበረም፤ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የድምፅ ሁለት ዘርፎች ከ2021 ሥነ ሥርዓት ጀምሮ አንድ ሆነዋል፤ ከ2026 ወዲህ ደግሞ የተዋንያን ምርጫ፣ ማለትም ካስቲንግ፣ ራሱን ችሎ ዘርፍ ሆኗል። የምርጥ ፊልም እጩዎች ለረጅም ጊዜ አምስት ነበሩ፤ በ2010 ሥነ ሥርዓት ወደ አሥር ከፍ አሉ፣ ከዚያ ለአሥር ዓመት ያህል ከአምስት እስከ አሥር ሲለዋወጡ ቆዩና ከ2022 ጀምሮ አሥር ላይ ጸኑ። «ለምርጥ ፊልም ታጨ» ማለት በ1975 እና ዛሬ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም።

የእጩነት ቁጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ እጩነትና ዘርፍ እኩል አይደሉም። 14 እጩነት ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ነበር፤ የያዙትም «ኦል አባውት ኢቭ»፣ «ታይታኒክ» እና «ላ ላ ላንድ» ናቸው። «ታይታኒክ» በ14 የተለያዩ ዘርፎች ነው የታጨው። «ላ ላ ላንድ» ግን ሁለት ዘፈኖቹ በአንድ ዘርፍ እርስ በርስ ስለተወዳደሩ ዘርፎቹ 13 ናቸው። «ኦል አባውት ኢቭ» በመሪ ተዋናይትም በረዳት ተዋናይትም ሁለት ሁለት ሴቶች አስታጭቶ ስለነበር ዘርፎቹ 12 ይሆናሉ። በጥር 2026 «ሲነርስ» 16 እጩነት አግኝቶ ሦስቱንም አለፋቸው። «አዲሱ የካስቲንግ ዘርፍ ረድቶት ነው» የሚል ተከራካሪ ከመጣ እሱን ቀንሱለት፤ 15 ይቀራል፣ አሁንም ይበልጣል። ክብረ ወሰን እንዲህ ነው የሚፈተነው፤ አጠራጣሪውን ዘርፍ አውጥቶ እንደገና በመቁጠር። በተቃራኒው ጫፍ «ዘ ተርኒንግ ፖይንት» እና «ዘ ከለር ፐርፕል» በየፊናቸው 11 እጩነት ይዘው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ናቸው።

ቀጥሎ ዓመቱ። አንድ ፊልም ሦስት ዓመት ሊኖረው ይችላል፤ መጀመሪያ የታየበት፣ ለውድድር የበቃበት፣ ሽልማቱ የተሰጠበት። «ዘ ኸርት ሎከር» በቬኒስ ፌስቲቫል የታየው በ2008 ነው፤ አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በ2009፤ ኦስካሩን የወሰደው መጋቢት 7 ቀን 2010። ሦስት ሰው ሦስት ዓመት ቢጽፍ ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን ዓመት እንደጻፈ ግን መናገር አለበት። ዳታቤዙ የሚያስቀምጠው የፊልሙን ዓመት ነው፤ ከጎኑ ስንተኛው ሥነ ሥርዓት እንደሆነ በቅንፍ ይጽፋል። ከሁሉ የሚሻለው የሥነ ሥርዓቱን ተራ ቁጥር መያዝ ነው፤ 82ኛው ከተባለ ማንም አይሳሳትም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ከዚህም የባሰ ናቸው። በግንቦት 1929 የተሰጠው የመጀመሪያው ሽልማት የሸፈነው ከነሐሴ 1927 እስከ ሐምሌ 1928 የታዩትን ፊልሞች ነው።

ወደ ዓ.ም. ስትቀይሩ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ጉድጓድ አለ። ከጥር መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 8 ይቀነሳል፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 7። ኦስካር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ስለሆነ ለሥነ ሥርዓቱ 8 ቀንሱ። ፊልሙ የወጣው በኅዳር ከሆነ ግን ለእሱ 7 ነው። በዚህ ምክንያት በኅዳር 2019 የወጣ ፊልምና በየካቲት 2020 የተሰጠ ኦስካር በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት ውስጥ፣ 2012 ዓ.ም. ላይ ይወድቃሉ። በጅምላ 8 የሚቀንስ ጸሐፊ የፊልሙን መውጫ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የወር ስምም ያሳስታል፤ ከላይ የተጠቀሰው መጋቢት 7 የፈረንጆቹ ማርች ነው፣ በእኛ የካቲት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.።

አሁን «የመጀመሪያው» ወደሚለው እንግባ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከስሙ ፊት ያሉትን ገላጮች አንድ በአንድ እያወጣችሁ ዓረፍተ ነገሩ መቼ እንደሚፈርስ እዩ። «ፓራሳይት» በየካቲት 2020 ምርጥ ፊልም ሲባል «ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ውጭ የመጣ የመጀመሪያው አሸናፊ» ተብሎ በብዙ ቦታ ተጻፈ። ይህ ስህተት ነው፤ በ2012 ያሸነፈው «ዘ አርቲስት» የፈረንሳይ ሥራ ነው። እሱ ግን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ስለዚህ የ«ፓራሳይት» ክብር «ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተሠራ የመጀመሪያው ምርጥ ፊልም» የሚለው ነው። አንድ ቃል ሲቀር ክብሩ ለሌላ ይሄዳል።

በጥቁር ተዋንያን ታሪክ ላይም ያው ነው። ተወዳድራ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሃቲ ማክዳንኤል ነች፤ በየካቲት 1940፣ በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ። ሲድኒ ፖይቲዬ በ1964 ያሸነፈው በመሪ ተዋናይ ዘርፍ ነው። «ኦስካር የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ፖይቲዬ ነው» ከተባለ ግን በ1948 የክብር ኦስካር የተሰጠው ጄምስ ባስኬት ይነሳባችኋል። በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ሃሊ ቤሪ እስክታሸንፍ 2002 ደርሷል። በዳይሬክተርነትም፣ ሊና ቬርትሙለር በ1977 የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ካትሪን ቢግሎ በ2010 ያሸነፈች የመጀመሪያዋ፣ ጄን ካምፒየን ሁለት ጊዜ የታጨች የመጀመሪያዋ ናቸው። ሦስቱም «የመጀመሪያዋ ሴት» ናቸው፤ ግሱ ነው የሚለያቸው።

የዕድሜ ክብረ ወሰንም እንደዚሁ ነው። «በዕድሜ ትንሿ የኦስካር ባለቤት» ሲባል በ10 ዓመቷ ተወዳድራ ያሸነፈችው ቴተም ኦኒል ነች። ሸርሊ ቴምፕል በ6 ዓመቷ የተቀበለችው ልዩ ሽልማት ነው፤ ማንንም አልተወዳደረችም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥያቄ ሐውልቱ የማን ነው የሚለው ነው። ሾን ቤከር በመጋቢት 2025 በ«አኖራ» አራት ኦስካር ወሰደ፤ በፕሮዲዩሰርነት፣ በዳይሬክተርነት፣ በስክሪፕትና በኤዲቲንግ። ዋልት ዲዝኒም በ1954 በአንድ ምሽት አራት ወስዷል፤ ግን በአራት የተለያዩ ፊልሞች። በአንድ ፊልም አራት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ቤከር ነው። «ቦንግ ጁን ሆስ?» ለሚል፣ «ፓራሳይት» አራት ቢያገኝም የዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማት በደንቡ የተመዘገበው በደቡብ ኮሪያ ስም ስለሆነ የዳይሬክተሩ የግል ቁጥር ሦስት ነው። የዲዝኒን ጠቅላላ ስትጠቅሱም በውድድር 22፣ ከክብር ሽልማቶቹ ጋር 26 መሆኑን ለዩት።

የእኛ ሰው በብዛት የሚስተው «ታጨ» በሚለው ላይ ነው። የዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ሦስት ደጆች አሉት። አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም መርጦ ይልካል፤ ከተላኩት ውስጥ 15 ለአጭር ዝርዝር ይቀራሉ፤ ከዚያ አምስቱ ይታጫሉ። «አትሌቱ»፣ የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» እና የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ኢትዮጵያን ወክለው የተላኩ ናቸው፤ አልታጩም። «ለኦስካር ታጨ» ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን ደጅ ከሦስተኛው ጋር አምታቷል፤ ትክክለኛው አባባል «ኢትዮጵያን ወክሎ ለኦስካር ተላከ» ነው። እነዚህ ፊልሞች የራሳቸው እውነተኛ ታሪክ ስላላቸው ማጋነኑ አያስፈልጋቸውም፤ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፣ «ድፍረት» በ2014 የሰንዳንስን የተመልካች ሽልማት ወስዷል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ግን በ«ላቪንግ» ለመሪ ተዋናይት በእርግጥ ታጭታለች፤ በ2017 ሥነ ሥርዓት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ክብሮች ደግሞ ከቬኒስ 2008 እና ከፌስፓኮ 2009 የመጡ ናቸው፤ ኦስካር ውስጥ አትክተቷቸው።

መላክ ራሱ መቀበል ማለት አይደለም። በ2019 ናይጄሪያ የላከችው «ላየንሃርት» አብዛኛው ንግግሩ እንግሊዝኛ በመሆኑ ከውድድር ወጥቷል፤ በዘርፉ ከግማሽ በላይ ንግግር ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆን አለበት። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀላቅሎ የሚሠራ ፊልም ሠሪ ስክሪፕቱ ላይ ሳለ ይህን ቢቆጥር ይሻለዋል።

ሁለት ሽልማቶችን ያጋጠመ ክብረ ወሰን ሲመጣ የሽልማቱን ስም አጥብቃችሁ ያዙ። የካንን ዋና ሽልማትና የኦስካርን ምርጥ ፊልም ሁለቱንም የወሰዱት ስንት ናቸው? «ፓልም ዶር» የሚለውን ስም ከያዛችሁ «ማርቲ»፣ «ፓራሳይት» እና «አኖራ»፣ ሦስት። ፓልም ዶር ከመኖሩ በፊት የነበረውን የካን ታላቅ ሽልማት ከቆጠራችሁ «ዘ ሎስት ዊክኤንድ» ይጨመርና አራት ይሆናሉ።

ሁሉን ካጣራችሁ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉት፦ ሥነ ሥርዓቱ፣ ዘርፉ፣ ግሱ፣ ገደቡ። «በ92ኛው ኦስካር ፓራሳይት ታሪክ ሠራ» ከማለት «በ92ኛው ኦስካር ፓራሳይት፣ ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ውጭ ከሆኑ ፊልሞች ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመ የመጀመሪያው ሆነ» በሉ። ይረዝማል፤ ይርዘም።

ሌሊቱን በቀጥታ የምትከታተሉ ከሆነ አዲስ አበባ ከሎስ አንጀለስ በ11 ሰዓት ትቀድማለች፤ በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ (በፈረንጆቹ) አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር ልዩነቱ 10 ይሆናል። እዚያ እሑድ ማምሻውን ሲጀመር እዚህ ሰኞ ሌሊት ነው፤ በዜናው ላይ የእሑዱን ቀን ጻፉ። የድምር ቁጥር ምሽቱ ሳያልቅ አትለጥፉ፤ ምርጥ ፊልም የሚታወጀው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። እሱም ቢታወጅ ትንሽ ጠብቁ። በየካቲት 2017 ፖስታ ተሳስቶ «ላ ላ ላንድ» ሲባል ፕሮዲዩሰሮቹ መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር እያደረጉ ነበር «ሙንላይት» ነው አሸናፊው ተብሎ የታረመው። በዚያ መሃል የ«ላ ላ ላንድን» ድምር ሰባት ብለው የለጠፉ ገጾች ቁጥሩን ወደ ስድስት መመለስ ነበረባቸው።