ራሳችሁ የሠራችሁትን አምፕሊፋየር ባያስ ሳታቃጥሉ ለማስተካከል

አምፕሊፋየር ገጣጥሞ መጨረስ ደስ ይላል። ግን ወዲያው ስፒከር ሰክታችሁ ዘፈን አትክፈቱ። ውድ የሆኑት፣ ስፒከሩን የሚነዱት አውትፑት ትራንዚስተሮች በብዛት የሚቃጠሉት መጀመሪያ ሲበራ ነው፤ ያንን ሰዓት ተረጋግታችሁ ካለፋችሁት ቀሪው ቀላል ነው።

ባያስ ምንድን ነው? በክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ውስጥ አውትፑት ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ናቸው። አንዱ የሞገዱን ላይኛ ግማሽ ያወጣል፣ ሌላው ታችኛውን። ሲረካከቡ መሃል ላይ ክፍተት እንዳይኖር ምንም ድምፅ በሌለበት ጊዜም ሁለቱም ጥቂት ከረንት ማሳለፍ አለባቸው። ያ ነው ባያስ። ሲያንስ ድምፁ ይሻክራል፤ ደግሞ የሚሻክረው ከፍ ሲል ሳይሆን ዝግ ሲል ነው። ማሲንቆ በቀስታ ሲገዘገዝ በዝቅተኛ ድምፅ አዳምጡት፣ ወዲያው ይታወቃችኋል። ሲበዛ ደግሞ ትራንዚስተሩ ይግላል፣ ሲግል ብዙ ከረንት ያሳልፋል፣ ብዙ ሲያሳልፍ የባሰ ይግላል፣ በዚያው ይሄዳል።

ከመብራት በፊት ሁለት ነገር እዩ። የአውትፑት ትራንዚስተሩ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከኮሌክተሩ (ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ ነው፣ ሌሎቹ ቤዝና ኤሚተር ናቸው) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሂትሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ከሚያወጣው ብረት፣ የሚለየው የማይካ ወይም የሲሊኮን ንጣፍ በመሃል መኖር አለበት፤ በመልቲሜትር ለኩና እንደማይገናኙ አረጋግጡ። ሁለተኛው፣ ባያሱን የሚቆጣጠረው ትንሹ ትራንዚስተር፣ ብዙ ጊዜ ቢዲ139 ነው፣ ከሂትሲንኩ ጋር በደንብ መጣበቅ አለበት። አውትፑት ትራንዚስተር ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ከቤዝ እስከ ኤሚተር የሚፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ትንሹ ትራንዚስተር ሙቀቱን አብሮ ካልተሰማው ይህን አያካክስም፣ እናንተ ጠዋት ያስተካከላችሁት ባያስ ቀትር ላይ ሌላ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ በጠዋት ብርድ የተስተካከለ አምፕሊፋየር በመኪና ተጭኖ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል።

አሁን ትሪመሩ፣ ማለትም ባያሱን የምታስተካክሉበት የሚዞረው ትንሽ ሬዚስተር፣ የት እንዳለ የሰርኪዩቱ ስዕል ላይ ፈልጉ። በትንሹ ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር መሃል ከሆነ ሬዚስታንሱን ከፍተኛው ላይ አድርጉት። በኮሌክተርና በቤዝ መሃል ከሆነ ዝቅተኛው ላይ። በሁለቱም መንገድ ባያሱ ትንሹ ላይ ይሆናል። ቦርዱን ገና ካልበየዳችሁት የመጀመሪያውን ዓይነት ምረጡ እላለሁ፤ ትሪመሩ አንድ ቀን አርጅቶ ቢላቀቅ ባያሱ ይወርዳል እንጂ አይሰቀልም። በሁለተኛው ግን ቢላቀቅ ባያሱ ጣራ ይነካል፣ አውትፑቶቹ ወዲያው ያልቃሉ።

ቀጥሎ አምፖል። የድሮውን፣ ክር ያለውን፣ 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ፈልጉ፤ ኤል ኢዲ ለዚህ አይሆንም። ከሶኬት ወደ ትራንስፎርመሩ የሚሄደውን የፌዝ ሽቦ ቆርጣችሁ አምፖሉን መሃል አስገቡት፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉት። ስታበሩ አምፖሉ ቦግ ብሎ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ደህና ነው። በደማቁ እንደበራ ከቀረ ንቀሉት፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ከ60 ዋት አምፖል ጋር ከረንቱ ከ0.3 አምፔር ስለማያልፍ ትራንዚስተራችሁን የማዳን ዕድላችሁ ትልቅ ነው። ግን አምፖሉ ሰውን ኤሌክትሪክ ከመያዝ አያድንም! እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አትሥሩ፣ የ220ውን ጎን ሸፍኑ፣ አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር። ፓወር ሰፕላዩ ፕላስና ማይነስ 35 ቮልት ከሆነ በሁለቱ መሃል 70 ቮልት አለ፣ እሱም ይጎዳል።

ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ያለው አይጠፋም። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ የተለመደ ነው፤ ተዉት፣ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ሁለቱ ጫፎች ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙበት፣ ከዚያ በመልቲሜትር ለክታችሁ ዜሮ አካባቢ መድረሱን እዩ። ፕላሱንም ማይነሱንም።

አምፖሉ ደህና ነው ካለ መጀመሪያ አውትፑቱ ላይ ያለውን ዲሲ ለኩ። ስፒከር የለም፣ ኢንፑቱ ከግራውንድ ጋር ተያይዟል። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ቀጥሉ። ብዙ ቮልት ካሳየ ባያሱን አትንኩ፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ባያሱ የሚለካው በኤሚተር ሬዚስተሩ ላይ ነው። እነዚያ ነጭ፣ ድፍን ያሉ 0.22 ወይም 0.33 ኦም ሬዚስተሮች ናቸው። መልቲሜትሩን ዲሲ 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጉ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ዲዛይኑ 50 ሚሊአምፔር የሚል ከሆነ በ0.22 ኦም ላይ 11 ሚሊቮልት፣ በ0.33 ላይ 16.5 ሚሊቮልት ማየት አለባችሁ። ስንት ይሁን የሚለውን ከስዕሉ ውሰዱ እንጂ ከሌላ ሰው አምፕሊፋየር አትገልብጡ። ደግሞ የመለኪያውን ጫፍ በእጅ ይዛችሁ አትለኩ። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ሳለ በቆንጣጭ ክሊፕ ያዙት፣ ከዚያ አብሩ። ጫፉ አንሸራቶ ሁለት እግር አንድ ላይ ከነካ ያ ትራንዚስተር አለቀለት።

አምፖሉ ቮልቴጁን ዝቅ ስለሚያደርግ የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው እሱ ከወጣ በኋላ ነው፤ አጥፉ፣ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጉ፣ አምፖሉን አውጡ፣ ትክክለኛ ፊውዝ አስገቡበት፣ እንደገና አብሩ። ትሪመሩን በትንሽ በትንሹ አዙሩ፣ እያዞራችሁ ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ "ትንሽ ልጨምር" ብላችሁ አትግፉ፣ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። የሚፈለገው ግማሽ ላይ ሲደርስ እጃችሁን አንሱና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሂትሲንኩ ለብ ሲል ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቆሞ ሲረጋ ወደ ሙሉው አድርሱት። ማቆሚያ ሳይኖረው ሽቅብ ከሄደ ወዲያው ንቀሉት፣ ትንሹ ትራንዚስተር ሙቀቱ አልደረሰውም ማለት ነው። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጠብቁ፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ አትሰኩት።

አሁን ስፒከሩን ስኩና አንድ ሰዓት ያህል ሙዚቃ አጫውቱበት። እንደሞቀ ድምፁን ዘግታችሁ እንደገና ለኩ። ከተፈለገው ትንሽ ዝቅ ቢል ምንም አይደለም፤ ከፍ ካለ ወደ ታች መልሱት። ሲረጋ ትሪመሩ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉበት፤ በጥር ከሠርግ ዳስ ወደ ሠርግ ዳስ የሚጫን አምፕሊፋየር በመንገዱ ንቅናቄ ልኩ ሊዛባ ይችላል።